ታች ያመኛል

«የት ነው የሚያምሽ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ታች» አልኩት።

«ሆድሽን?»

«አይ፣ ታች።»

ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና የሽንት ምርመራ አዘዘልኝ። ውጤቱ ንጹህ ሆኖ መጣ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ትንፋሼን ሰብስቤ ገባሁ። ሁለት ተማሪ ሐኪሞች አጠገቡ ቆመዋል። እንደዚያም ሆኖ «ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ዋናው መትረፍሽ ነው፤ እሱን አመስግኚ» አለኝ። በክፋት አልነበረም፣ ሊያጽናናኝ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። የሦስት ወር ታሞክሲፈኔን፣ የጡት ካንሰሩ እንዳይመለስብኝ የምውጠውን ክኒን፣ በፌስታል ይዤ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን እንዲሁ ሄደብኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዓመት ነው። ሕመሜ ስም ነበረው፣ ሕክምናም ነበረው። የጠፋው በስሙ የሚጠራው ሰው ነው። እኔም ራሴ አልጠራሁትም።

ካንሰሩን ያገኙብኝ በ39 ዓመቴ ነው፣ ግራ ጡቴ ላይ። እዚህ አገር ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች አንደኛው የጡት ነው፤ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ደግሞ 50 ዓመት ሳይሞላን ነው። ስለ ጡት ካንሰር ሲወራ ወሬው ወይ ስለ ሞት ነው ወይ ስለ መዳን። ግን እስቲ አስቡት፤ 50 ያልሞላት ሴት ባል አላት፣ ወይ ልታገባ ነው፣ ወይ ሁለተኛ ልጅ እያሰበች ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ወደ አልጋዋ ነው የምትመለሰው። ለዚያ ማንም አላዘጋጀንም።

ጡቴ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከዚያ 8 ዙር ኬሞ፣ በየ21 ቀኑ። የመጀመሪያዎቹ 4 እኛ ታካሚዎቹ «ቀዩ» የምንለው ያለባቸው ናቸው፤ ዶክሶሩቢሲን ማለት ነው፣ ሽንትን ሁሉ ቀይ የሚያደርገው። የቀሩት 4 ፓክሊታክሴል። ከዚያ ጨረር። ከዚያ ታሞክሲፈን፣ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ለ5 ዓመት። ሦስተኛው ዙር ላይ የወር አበባዬ ቀረ። ሲስተሯ ቀድማ «ፀጉርሽ ይረግፋል፣ አፍሽ ይቆስላል፣ ምግብ ያስጠላሻል፣ የወር አበባሽም ሊቀር ይችላል» ብላኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። እግዜር ይስጣት፣ ጥሩ ሴት ናት። ከወር አበባው ጋር አብሮ ምን እንደሚሄድ ግን አልነገረችኝም።

አብሮ የሚሄደው ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። ኬሞ እንቁላሉንም ኤስትሮጅኑንም የሚያመርቱትን ኦቫሪዎች ይመታል። ሴትየዋ ወጣት ከሆነች ሊያገግሙ ይችላሉ፤ ወደ 40 ስትጠጋ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ዝም ይላሉ። ማረጥ ማለት ነው። እናቶቻችን 50 ሲሞላቸው ቀስ እያሉ የገቡበትን እኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ተወርውረን እንገባበታለን። የሴት ብልት ግድግዳ ወፍራም ሆኖ የሚቆየው፣ የሚረጥበውና የሚለጠጠው በኤስትሮጅን ነው። ኤስትሮጅኑ ሲያልቅ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ሲነካ ይላጣል። ሽንት ያቃጥላል፣ ኢንፌክሽን ይደጋገማል። እንደ ሌትሮዞልና አናስትሮዞል ያሉትን ኤስትሮጅንን የሚቀንሱ ክኒኖች የሚወስዱ፣ ወይም ኦቫሪን የሚያስተኛውን ዞላዴክስ የሚባል መርፌ በየ28 ቀኑ ሆዳቸው ላይ የሚወጉ ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛ ከታሞክሲፈኖቹ የባሰ ይደርቃሉ።

መጀመሪያ የሞከርነው ጨረሩ ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ ነው። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በብርጭቆ ወረቀት የተፈተግኩ ነው የመሰለኝ። ትራሴን ነክሼ ቻልኩት። ጠዋት ሽንት ቤት ደም አየሁና ካንሰሩ ማህፀኔ ገባ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። የኔ ደም ከመላጥ የመጣ ነበር። ነገር ግን ታሞክሲፈን የሚወስድ ሰው ደም ካየ መታየት አለበት፤ መድኃኒቱ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የማምጣት ትንሽ ዕድል ስላለው ደም ዝም አይባልም። እኔ ዝም ብዬ ነበር፣ እናንተ ዝም አትበሉ።

ከዚያ መሸሽ ጀመርኩ። ለመሸሽ ደግሞ የኛ ቤት ይመቻል፣ ጾም አለ። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። የነቢያት ጾም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ነው። ከመታመሜ በፊት እንዲህ አጥባቂ አልነበርኩም፣ ባለቤቴ ያውቀኛል። ያን ዓመት ግን ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አልኩ። በጾም መሸሸጌ ሲከነክነኝ ያድራል፣ ግን እፎይ ብያለሁ። ሌሊት እጁ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ «ጾም ነው» እላለሁ፣ እጁ ይመለሳል። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ዶሮው ተበላ፣ እንግዳው መጥቶ ሄደ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ለሰው የደስታ ጊዜ ነው። እኔ እነዚያን 50 ቀናት እንደ ዕዳ ነበር የምቆጥራቸው።

እሱ ግን እጁን አላመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ተጸየፈኝ አልኩ። ደረቴን ተጸየፈው። ልብ በሉ፣ ገላዬን ስታጠብ በሩን እቆልፋለሁ፣ ስተኛም በጥጥ የሞላሁትን ጡት መያዣ አላወልቅም። ደረቴን አይቶት አያውቅም። ያላየውን እንዴት ይጸየፋል ብዬ አልጠየቅኩም፤ የተጎዳ ሰው ይሄን አያመዛዝንም።

ንስሐ አባቴ ለበዓሉ ቤታችን መጥተው ሲወጡ እስከ በር ሸኘኋቸው። ስለ ጾሙ ልናዘዝ ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ በሽፍንፍን ነው እንጂ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ እንደሚያምሽ ለባልሽ ነግረሽዋል?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። አልነገርኩትም ነበር። ለሐኪም ነግሬያለሁ፣ ለቄስ ነገርኩ፣ እሱ ግን ከኔ አፍ አልሰማም።

ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ነገርኩት። መኝታ ቤት አይደለም፣ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሼ። «ያመኛል» አልኩት። «እንደ ቁስል ነው የሚያመኝ። ስላልወደድኩህ አይደለም።» ብዙ ዝም አለ። «የኔ እናት፣ አውቄያለሁ እኮ» አለኝ በኋላ። «ያን ቀን ትራሱን ስትነክሺ ሰምቼሻለሁ። ዳግመኛ እንዳላሳምምሽ ብዬ ነው የምርቅሽ።» እኔ ተጸየፈኝ እያልኩ ስብከነከን፣ እሱ ለካ እጁን ፈርቶ ነው ግድግዳውን የሚያየው።

ሁሉም ባል እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኬሞ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ከክፍለ ሀገር የምትመላለስ ሴት ነበረች፤ መድኃኒቱ ክንዷ ውስጥ እየገባ ባሏ ሌላ ሴት ቤት እንደገባ በስልክ ሰማች። እሷን «ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ» ብላት ምን ያደርግላታል? ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ባል ለማቆየት ተብሎ አይደለም። ድርቀቱ ባል ያላትንም የሌላትንም ያማታል። ስትቀመጥ ያማታል፣ ስትሸና ያማታል። መታከሙ የራሷ መብት ነው።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ጋ የሄድኩት ባለቤቴ ጎትጉቶኝ ነው። ጎልማሳ ሴት ናቸው። እንደለመድኩት «ታች» አልኩ።

«ብልትሽ መግቢያው ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ?» አሉኝ። ስለ ጉልበት እንደሚጠይቅ ሰው፣ እንዲሁ በቀጥታ። «ያቃጥልሻል ወይስ ይወጋሻል? ሲጀምር ነው ወይስ ቆይቶ? ፍላጎቱስ አለ?»

ፊቴ ነደደ፣ ግን መለስኩ። አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም እኮ። ብልት የሚል ቃል አለን፣ ጨዋ ቃል ነው፣ መጽሐፍ ላይም ይጻፋል። እኛ ግን ማህፀን እንላለን፣ ታች እንላለን፣ «እዚያ አካባቢ» እንላለን። ማህፀን ስንል ሐኪሙ ማህፀን ያያል፣ ታች ስንል ሽንት ያዛል። ያን ዓመቴን የበላብኝ ይሄ ይመስለኛል፣ ከሐኪሙ ቸልታ እኩል።

ዶክተሯ መጀመሪያ የሄዱት ባልጠበቅኩት በኩል ነው። የምትወስጂውን ሁሉ አውጪ አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ፍሎክሰቲን ነበር። ሲከፋኝና እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ክሊኒክ የሰጡኝ ነው፣ አራት ወር ወስጄዋለሁ። ታሞክሲፈን ትወስጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ታሞክሲፈን ደህና የሚሠራው ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ፍሎክሰቲንና ፓሮክሰቲን ያንን ለውጥ ያደናቅፉታል። በዚያ ላይ ፍሎክሰቲን ራሱ የግንኙነት ፍላጎትን ይቀንሳል። ከታሞክሲፈን ጋር የሚስማሙ ሌሎች አሉ፣ እንደ ቬንላፋክሲን ያሉ፤ እሱ እንዲያውም ድንገት የሚወረንን ሙቀትም ያበርዳል። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ፣ በሐኪም ተመርቶ ነው የሚቀየረው። የክኒን ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት።

ቀጥለው እስከዚያ ምን ስታደርጊ ነበር አሉኝ። አፍሬ ነው የነገርኳቸው። ንጹህ ያልሆንኩ እየመሰለኝ ውስጤን በሳሙና፣ አንዳንዴም በዴቶል እታጠብ ነበር። ቫዝሊን ተቀብቻለሁ። አንዲት ዘመዴ «ወይባ ታጠኚ፣ ያፍታታሻል» ብላኝ ሦስት ጊዜ ታጥኛለሁ። ወይባ ጢስ ሰው የሚወደው ነገር ነው፣ ሙሽራ ይታጠንበታል፣ አራስ ይታጠንበታል። በየሰዓቱ ሙቀት ለሚወረኝ ለኔ ግን ሌሊቱን በላብ የሚያስዋኝ ሆነ፣ ድርቀቱም ያው ነው። ሳሙናውና ዴቶሉ በዚያው ዕለት ቀረ፤ ውጪውን በውሃ ብቻ። ቫዝሊኑም ቀረ፤ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ኮንዶምንም ያስቀድዳል።

አሁን ሰው የሚያምታታው ነገር ላይ ደረስን። ማለስለሻ ሌላ ነው፣ እርጥበት ሰጪ ሌላ ነው። ማለስለሻው በግንኙነት ሰዓት የሚቀባ ነው። እርጥበት ሰጪው ግንኙነት ኖረም አልኖረም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ማታ ማታ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ፊታችንን ሎሽን እንደምንቀባው ማለት ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ጥሩ ነው። እኔ ማለስለሻውን ብቻ ይዤ ወር ሙሉ «አልሠራም» ስል ከረምኩ። ቆዳው ራሱ ተሰነጣጥቆ ማለስለሻ ብቻውን ምን ያድርግ? ለውጥ ያየሁት እርጥበት ሰጪውን ሳላቋርጥ ሁለት ወር ከተጠቀምኩ በኋላ ነው። ማለስለሻ ስትገዙ ሽታ ያለውን፣ «ያሞቃል» የተባለውን፣ ግሊሰሪን የበዛበትን ተዉት፣ የሳሳ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ከውሃ የተሠራው ይሻላል። ሲሊኮን ያለበት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ሁለቱም ከኮንዶም ጋር ይሄዳሉ።

መግዛቱ ራሱ ፈተና ነው። መጀመሪያ ቀን ባንኮኒው ላይ ወጣት ልጅ ነው ያለው፣ ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል። «ጄል» አልኩት። «የፀጉር?» አለኝ። አዎ ብዬ የፀጉር ጄል ገዝቼ ወጣሁ። በማግስቱ በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። እርጥበት ሰጪውን ስድስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁትና አሜሪካ ያለችው እህቴ በሰው ላከችልኝ። ውጭ አገር ያላችሁ ሁልጊዜ «ምን ልላክልሽ?» ትላላችሁ፤ በጡት ካንሰር የታከመች እህት ወይም ጓደኛ ካለቻችሁ እሷ እስክትጠይቅ አትጠብቁ። አትጠይቃችሁም።

መግቢያው ላይ ለሚያቃጥለው ደግሞ ዶክተሯ ሊዶኬይን ፈሳሽ ሰጡኝ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የሚያደነዝዙበት ዓይነት። በጥጥ ተነክሮ መግቢያው ላይ ሦስት ደቂቃ ይያዛል፣ ከዚያ ነው ግንኙነቱ። አሜሪካ ውስጥ በጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶች ላይ ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው። መጠኑንና ዓይነቱን ሐኪም ይዘዝላችሁ፣ ከየሱቁ አትግዙ።

ከመድኃኒቱ ሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን አንድ ክልከላ ነው። «ለአንድ ወር ግንኙነት የለም» አሉን ሁለታችንንም አስቀምጠው። መነካካት አለ፣ መተቃቀፍ አለ፣ ከዚያ አያልፍም። ሰውነት አንዴ ካመመው ቀድሞ ይቆልፋል፤ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሳናዛቸው ይኮማተራሉ፣ መኮማተሩም ሌላ ሕመም ይሆናል። እንደማያልፍ ሳውቅ፣ ትከሻዬን ሲነካኝ አልደነግጥም። ከወራት በኋላ መጀመሪያ ደህና አድርጌ የተኛሁት በዚያ ወር ነው፣ ራሴን ክንዱ ላይ አድርጌ። በሁለተኛው ወር በራሴ ጣት፣ በማለስለሻ፣ ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ ጀመርኩ። ይሄን መጻፍ ያሳፍረኛል። ማንም ባለመጻፉ ግን እኔ ሳላውቀው ቀርቻለሁ።

ስለ ኤስትሮጅን ክሬም ጠይቄያቸው ነበር። ሌላው ሁሉ ካልሠራ፣ ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ታሞክሲፈን ለሚወስዱ ከካንሰር ሐኪማቸው ጋር ተመክሮበት ሊታሰብ ይችላል። ሌትሮዞልና መሰሎቹን ለሚወስዱ ጥንቃቄው ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ የዴንማርክ ጥናት በጥቅሉ የካንሰሩ መመለስ እንዳልጨመረ ቢያሳይም፣ እነዚያን ክኒኖች ከብልት ኤስትሮጅን ጋር አብረው በወሰዱት ላይ ግን ጭማሪ አይቷል። እኔ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ሳልረሳው። የወር አበባ ቀረ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም፣ ታሞክሲፈን ደግሞ ጽንስ ይጎዳል። የለመድነው የሦስት ወር መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ክኒኑም ሆርሞን ናቸውና ለኛ አይሆኑም። ኮንዶም አለ፣ ከመዳብ የተሠራው ሉፕ አለ። ልጅ የምትፈልጉ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ድረስ ክኒናቸውን ወስደው፣ ለመውለድ እስከ 2 ዓመት ያቋረጡ ወጣት ሴቶች በአጭር ጊዜ ክትትል ካንሰሩ ከሌሎቹ በበለጠ አልተመለሰባቸውም። ይሄ በሐኪም ታቅዶ ነው፣ በድብቅ አይደለም።

ፍላጎቱስ? እንደ ድሮው አልተመለሰም። ድሮ ሳላስበው ይመጣ ነበር፤ አሁን አይቀድምም፣ ከተነካካን ከቆየን በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚመጣው፣ አንዳንዴም አይመጣም። የደረቴ ጠባሳ ደንዝዟል። ደህናው ጡቴን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲነካብኝ አልፈለግኩም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ልጃችን አያቷ ጋ ሄዳ ገላዬን ስታጠብ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሳልቆልፍ ተውኩት። ከዚያ «ና ጀርባዬን እሽልኝ» ብዬ ጠራሁት። መጣ። አሸልኝ። ዞርኩ። ጠባሳውን በቀን ብርሃን አየው። «ይሳባል?» ብቻ ነው ያለኝ። «ሲበርድ ይሳባል» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ጡት መያዣ አድርጌ ተኝቼ አላውቅም።

ታሞክሲፈን ከጀመርኩ 2 ዓመት ከ8 ወር ሆነኝ። ባለፈው ክኒን ልወስድ ስሄድ ወረፋ ላይ ካወቅኳት አንዲት ወጣት ጋር ስናወራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እኔ እኮ ትቼዋለሁ» አለችኝ። ክኒኑን በየሦስት ወሩ ትወስዳለች፣ ቤት ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። ስድስት ወሯ። የካንሰር ሐኪሟ አያውቅም፣ እጮኛዋም አያውቅም። ለምን አልኳት። አንገቷን ደፋች። ሰርጓ ለጥር ነው። አልተቆጣኋትም፣ እኔም ያን ዓመት ስንቴ መስኮቱን ከፍቼ ልወረውረው እንደነበር አውቃለሁ። ያ ክኒን ካንሰሩ እንዳይመለስ የያዘን እሱ መሆኑን እሷም ከኔ እኩል ታውቃለች።

ለዶክተሯ ደወልኩላቸውና በሳምንቱ ይዣት ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ስንጠብቅ እጄን እንደያዘች ነው። ሲጠሯት «አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ።

«የት ነው የሚያምሽ?» አሏት።

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዝም አልኩ። ቃሉን ራሷ አወጣችው።